ሰልፍ ላይ አይለቀስም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ከቀኑ 10 ሰዓት

ገና አሁን ገባሁ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ። ስኳር መጥቷል ተብሎ ሄጄ ሳሙና ይዤ ተመለስኩ። ስኳሩ እኔ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሰው ሲቀረው አለቀ። ጠላሁት፣ ማስታወሻዬ፣ ይህን የቀበሌ ሱቅ አንጀቴ እስኪቃጠል ጠላሁት። ሽታውን ብቻ ልንገርሽ። ላምባው፣ ሳሙናው፣ የረጠበ ጆንያው፣ ዝናብ የመታው የሰዉ ካፖርት፣ ሁሉም በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። ባለፈው ወር ያመጣሁት ስኳር ራሱ ላምባ ላምባ ይላል። ትርሲት ሻይዋን ቀምሳ ምላሷን በእጅጌዋ ጠረገች።

ትርሲትን ይዣት ነው የሄድኩት። የስድስት ዓመት ልጅ ከሰው ቂጥ ሥር አቁሞ ማዋል። ምን ላድርግ? ሠራተኛችን እናቴን ልይ ብላ ወደ ቱም ሄዳ በዚያው ቀረች። ባሌ ግርማ ሥራው ቴፒ ነው፤ በየአስራ አምስት ቀኑ ብቅ ይላል። ቤት ቆልፌባት ልሂድ?

ዋናውን ሳልነግርሽ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘነበች ከፊቴ ነበረች፣ ልጇን ምንተስኖትን ይዛ። አራት ዓመቱ ነው። እጇን ከነጠላዋ ሥር ሰደደችና ክንዱን ቆነጠጠችው። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ልጁ አገሩን በጩኸት አቀለጠው። የሱቁ ኃላፊ ጓድ ተሾመ ደግሞ የልጅ ለቅሶ አይችልም፣ ራሱን ያመዋል ይላሉ። ልጅ የሚያለቅስባት ሴት ትለፍ አለ። አለፈች። ስትወጣ ከስኳሩ ቆንጠር አድርጋ አፉ ውስጥ ጣል አደረገችለት። ወዲያው ዝም።

የትርሲትን ፊት ወደ እኔ አዞርኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ምሳ ሰዓት፣ መ/ቤት

ለካ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። አብራኝ የምትተይበው አልማዝ ስነግራት ሳቀችብኝ። ግማሹ ሰልፍ የሚያልፈው በቁንጥጫ ነው አለች። ምንተስኖትን የሚዋሱም አሉ። ከአማን ከተማ የምትመጣ አንዲት ሴት ልጇ አድጎ አላለቅስ ስላላት ምንተስኖትን አቅፋ ትገባለች። ለእናቱ ቅምሻ ታካፍላለች። ልጁን «ጡሩምባው» ይሉታል።

አልማዝ ልጅ ጨርሶ ወደዚያ መወሰድ የለበትም ባይ ናት። እናቷ ቤት ናቸው፣ ለእሷ ቀላል ነው። ማንም ልጅ የሚያስቀምጥለት ያለው ሰው ይሄን አስተያየት ይሰጣል።

ጠዋት የውይይት ክበቡን ሪፖርት ስተይብ ነበር። ሕፃናት የነገይቱ አገር ተረካቢ መሆናቸው በየገጹ አለ። ክንዳቸው ሰምበር የሞላ ተረካቢዎች። ሪባኑም አልቋል፤ ፊደሉ አይታይም። ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

ዛሬም ስኳር የለም። ጨው ብቻ።

ከጠዋት ጀምሮ ተራ መያዣ ድንጋይ አስቀምጬ ነበር፣ እንደ ሰዉ ሁሉ። ስመለስ ድንጋዬን አንዱ ገፍቶት ኋላ ሄዷል። ተጨቃጨቅሁ። በድንጋይ ተጨቃጨቅሁ፣ ይታይሽ። ትርሲት ቀሚሴን ይዛ ታየኛለች።

ቆይታ ቆይታ ቀና አለችና ጠየቀችኝ፤ «እማዬ፣ እኔ መቼ ነው የማለቅሰው?» ፊቷን ማጨማደድ ጀምራለች። ከንፈሯን አዘጋጅታለች። ያን ፊት አልረሳውም። ምንተስኖትን አስመስላ፣ ቁጭ እሱን።

ቁጭ ብዬ ሁለት ትከሻዋን ያዝኩ። ሰልፍ ላይ አይለቀስም አልኳት። ሰው ፊት የሚያለቅስ ልጅ መሣቂያ ነው፣ አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ። ቆንጠጥ አድርጌ ሳይሆን ቆፍጠን ብዬ ነገርኳት። ገባት። ራሷን ነቀነቀች።

ወ/ሮ ዘ. ሰምታለች መሰለኝ። ተጠግታ፣ ደግ እየሆነች፣ «እታለም፣ ከፈለግሽ ትርሲትን እኔ ይዣት ልግባ፣ በሁለታችንም የራሽን ካርድ አስመዝናለሁ» አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩና ፊቴን አዞርኩ። የእሷን እጅ ሳየው ራሱ ይቀፈኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 17። ጠዋት

ግርማ ትናንት ማታ መጣ። ጭቅጭቅ።

እሱ ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ ነው የሚለው። ሰው እንዴት እንደሚኖር ትወቅ፣ ተሸፍና አትደግ። ራሱ ልጅ ሆኖ ማሻ ገበያ አባቱን ተከትሎ ሲውል ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። እኔ ደግሞ ገበያና ሰልፍ አንድ አይደለም አልኩት። ገበያ ላይ ሻጯ ልጅ ካየች ሸንኮራ ትመርቅለታለች፣ ጉንጩን ትነካለች። እዚህ የሚመረቅላት ክርን ነው። እሱም እንግዲያው ከዘነበች ጋር ተስማሚ፣ አንዳችሁ ሄዳችሁ አንዳችሁ ልጅ ጠብቁ አለኝ።

ከቆንጣጯ ጋር? ሞቼ ነው ቆሜ?

እሱ ሣቀ። አመለኛ ነሽ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ባገኘው መኪና ይመለሳል። ሻዩን በጨው ጠጥቶ ምንም አላለም፣ ይሄን ልንገርሽ ብዬ ነው። ቡና እንኳ በጨው ያባት ነው፤ ሻይ በጨው ግን ሕመም ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20። ከቀኑ 11 ሰዓት

ዝናቡ ቆሟል። ልጆቹ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር እየተጫወቱ ነው፤ በመስኮት አያቸዋለሁ። ጠጠር ደርድረው ሰልፍ ሠርተዋል። ምንተስኖት እንደ ወትሮው አለቀሰ። ትርሲት ጣቷን አንስታ «ሰልፍ ላይ አይለቀስም!» አለችው። ድምፄን ቁርጥ። ልጁ ግራ ገብቶት ዝም አለ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ቆሻሻ መሐል አንድ ንጹሕ ልጅ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

ስኳር አገኘሁ! በራሴ ተራ፣ በራሴ እግር፣ ያለ ማንም ለቅሶ።

ግፊያው ግን የእንስሳ ነው። ባንኮኒው ጋ ስንደርስ ከኋላ ገፉን፣ ሚዛኑ ተንጋደደ፣ የመመዘኛው ብረት ወደቀ። ድው አለ። ጓድ ተሾመ ሰዉን እየሰደበ ከእግራችን ሥር ለቀመው። እኔ ከረጢቴን ይዤ ነበር፣ እንዳይደፋብኝ። ትርሲት ከጎኔ፣ ድምፅ የለም። ከኋላ ሦስት ልጆች ያለቅሳሉ፣ ሁሉም በቁንጥጫ። ጓድ ተሾመ ቀና ብሎ ትርሲትን አያት። «ይህች የማን ልጅ ናት? እንዲህ ነው እንጂ ልጅ!» አለ፣ ሁሉም እየሰማ። ሴቶቹ ዞረው አዩን። አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ስትጎተት አናደደችኝ። ጭቃው ነው ብዬ እጇን ይዤ ሳብኳት። ፈጠን በይ፣ ዝናቡ ሳይመጣ። ምንም አልተናገረችም።

አሁን ሸራ ጫማዋን አላወልቅ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንሶላውን ጭቃ በጭቃ ልታደርገው ነው። ውኃ ጥጃለሁ፣ እግሯን ልጠባት። መጣሁ።

የዚያው ቀን። 11 ሰዓት አልፏል

ጭቃ አይደለም። ደም ነው።

ካልሲዋ ተጣብቋል። ብረቱ እግሯ ላይ ነው የወደቀው። አውራ ጣቷ ጠቁሯል፣ ጥፍሯ ተነቅሎ በአንድ ጎን ብቻ ይዟል። ከሱቁ እስከ ቤት በዚያ እግር ነው የሄደችው። እኔ እየጎተትኳት።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። አየችኝ። የጠየቅኋት ነገር ሞኝነት ነው፣ መልሱን እያወቅሁ።

ጮህኩ መሰለኝ። ወ/ሮ ዘ. አጥሩን ዞራ፣ ሳታንኳኳ በጓሮ በር ገባች። ውኃውን ለብ አደረገች፣ ጨው ጨመረች፣ ካልሲውን በቀስታ በቀስታ አረጠበችው። ያንን እጇን ዛሬ አየሁት። ስትነካት ልጄ አልሸሸችም።

ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። እያየሁት ይቀፈኛል። ከሁሉ በላይ ግን ያቺ አንገቴን ቀና ያደረግሁባት ደቂቃ። ያኔ ጫማዋ ውስጥ እየደማች ነበር። ዘነበች ቆንጥጣ አንድ ጩኸት አወጣች። እኔ ምን አደረግሁ? ራሴን ተጸየፍኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 24። ከሰዓት

ከአማን ተመለስን። ወ/ሮ ዘ. ናት በጀርባዋ ያዘለቻት፣ ሙሉውን መንገድ። እኔ ላዝላት ስል ተዪው ብላ ከለከለችኝ። ምንተስኖት ነጠላዬን ይዞ ከእኔ ጋር።

ክሊኒኩ ውስጥ የወባ በሽተኛ በየአግዳሚው። ተረኛው ድሬሰር ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ ሰው። ጥፍሩ መነቀል አለበት አለ። አጥንቱ ደህና ነው፣ ተመስገን። መቆንጠጫውን ሲያነሣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትርሲት ትንፍሽ አላለችም። ላብ ብቻ፣ ከንፈሯ ላይ። ድሬሰሩ አድንቆ አድንቆ አይጠግብም። ጀግና ናት፣ እንዲህ ዓይነት ልጅ አላየሁም፣ ወታደሩ እንኳ ይጮህብኛል ይላል። በመልካም ነው የተናገረው። እኔ ግን ዝም በል ልለው ምንም አልቀረኝም።

ተንበርክኬ ጆሮዋ ሥር፣ አልቅሺ የኔ ልጅ፣ አልቅሺ አልኳት።

ዞር ብላ አግዳሚው ላይ የተደረደረውን ሰው አየች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ እኔን እንዳያሳፍረኝ እየተጠነቀቀች፣ «ተሰልፈዋል እኮ» አለችኝ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም ዛሬ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25። ምሳ ሰዓት፣ ቤት

ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ሁለት ቀን ሰጡኝ። እግሯ አብጧል። ጠዋት ፋሻዋን ስቀይር ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። አመመሽ ስላት አላመመኝም። አልቅሺ ብዬ ስጎተጉታት ደግሞ ያንን የምንተስኖትን ፊት ሠራችልኝ። እኔን ደስ ለማሰኘት። ደረቅ ፊት፣ እንባ የሌለው። ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ።

ልጅ ሰልፍ ላይ ይሂድ አይሂድ ስንል ከረምን። እኔ ለቤቴ ስም ቆምኩ፣ ግርማ ለኑሮ ትምህርት፣ አልማዝ እናቷ ቤት ስላሉ። ስለ እግሯ ያሰበ አንድ ሰው የለም። ከወገባችን በታች ምን እንዳለ ማንም አያይም እዚያ ውስጥ። እሷ ያለችው ደግሞ እዚያ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26። ከቀኑ 10 ሰዓት

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ወ/ሮ ዘ. አስወጥታኝ ነው። ፋሻውን እኔ ልቀይር፣ አንቺ ፊቷ አትቁሚ አለችኝ። ደፈር ብላ፣ እንደ ታላቅ እህት። ወጣሁ።

ከመውጣቴ በፊት ግን ተነጋገርን። ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ አንዳችን የሁለታችንንም ካርድ ይዘን እንሰለፋለን፣ ሌላዋ ከልጆቹ ጋር ቤት። በተራ። መጀመሪያ የምሄደው እኔ ነኝ። ስኳር ካለቀ አለቀ፤ ሻዩን ትተን ቡናችንን በጨው እንጠጣለን። ምንተስኖትም አይሄድም፣ ለማንም አይዋስም። ይሄን ስናገር ልትቆጣ ነው ብዬ ነበር። የልጁን ክንድ ገልጣ አየችና፣ «እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ?» አለችኝ። አፈርኩ። አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማኛል። ለትርሲት እያወራችላት ነው። በዚህ ቤት ሰልፍ የለም፣ ማንም አያይሽም፣ እናትሽንም አስወጥቻታለሁ ትላታለች። አሁን ፋሻውን እያነሣችው መሆን አለበት።

ለቅሶ ሰማሁ። ምንተስኖት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እዚህ እግሬ ሥር ጠጠር እየደረደረ ነው፤ እሱም ቀና ብሎ ወደ በሩ እያየ ነው። ትርሲት ናት። እየጮኸች ነው። እማዬ እያለች፣ እየተንሰቀሰቀች፣ ቤቱን ሁሉ እያናወጠች። እየጠራችኝ ነው፣ ማስታወሻዬ፣ እኔን ነው የም…