አምስት መቶ ብር ከፍራሽ ሥር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

አልተቀበልኩም ብዬ ልጻፍ? ተቀብያለሁ። አምስት መቶ ብር በሺቲ ጨርቅ ተጠቅልሎ አሁን ከተቀመጥኩበት ፍራሽ ሥር አለ። የእኔ አይደለም፣ የአቶ ተሰማ ነው።

ከሥራ ስመለስ ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አቶ ተሰማ ሰው ቤት አይሄዱም። ባለዕዳው ነው እሳቸው ዘንድ የሚሄደው፣ ያውም በጨርቅ ሱቃቸው ጓሮ በኩል። ወሩ ሳይሞላ መጡብኝ ብዬ ክው አልኩ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አሉኝ። አሥራ አራት ወር ስከፍላቸው ልጅ ይኑረኝ አይኑረኝ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ጥቅሉን ከካፖርታቸው ውስጥ አወጡት። አሮጌው ብር ነው፣ ጃንሆይ ያሉበት። በአዲሱ ብር የሚለወጥበት ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። እሳቸው ያላቸውን ሁሉ ተሸክመው ባንክ ቢቀርቡ ከየት አመጣኸው መባላቸው አይቀርም። ሁለት ቤታቸው ትርፍ ቤት ተብሎ ተወርሷል፣ ዳግመኛ ዓይን ውስጥ መግባት ፈርተዋል።

«በስምሽ ለውጪልኝ ልጄ። አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፣ ማን ይጠረጥርሻል? አዲሱን ስታመጪልኝ የዕዳ ወረቀትሽን እሰጥሻለሁ፣ ዕዳሽ አለቀ።»

ዕዳችን ይኸውና። ባሌ ማርቆስ ትራክተር ይነዳበት የነበረው የግል እርሻ ሲወረስ ስድስት ወር ያለ ደመወዝ ተቀመጠ። በእኔ የድሬሰር ደመወዝ፣ በመቶ ሠላሳ ብር፣ ቤት አልቆም አለ። ሦስት መቶ ብር ተበደርን፣ አራጣው በየወሩ አሥራ አምስት። እስከ ዛሬ ከተበደርነው በላይ ከፍለናል። አሁንም መቶ ሰማንያ ይቀራል ይላሉ፣ ስድሳው ያልተከፈለ አራጣ ነው።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። «ላስብበት» አልኩ። እሳቸውም ጥቅሉን አስቀምጠው «እያሰብሽ ይቀመጥ» ብለው ወጡ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 19

ጤና ጣቢያ ውዬ የሠራሁትን አላውቅም። አንዷን እናት ስሟን ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት። ሦስተኛው ላይ «እህት፣ አንቺ ነሽ እንዴ የታመምሽው?» አለችኝ።

ኢዮብ ተኝቶልኛል። ሰባት ወሩ ነው፣ እንቅልፉ እንደ ዶሮ ነው። ቶሎ ልጻፍ።

ዕዳው ካለቀ፦ ለሩት ጫማ። ለዳንኤል ሹራብ። ለገና ሁለት ኪሎ ሥጋ። ለማርታ የሁለት ወር ኪስ ገንዘቧ፣ የባሌ እህት ስለሆነች ልጆቼን በነፃ የምትጠብቅ አድርገን ቆጥረናታል። ደመወዝ ስቀበል ደግሞ ወዲያው ጓሮ ለጓሮ አለመሄድ።

ከተያዝኩ፦ ሥራዬ። ከዚያ እስር ቤት። ኢዮብን ማን ያጠባዋል?

ከዚህ በታች ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 20

ሩትን መትቻታለሁ። አምስት ዓመቷ ነው። እጄ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ማርታ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች፣ እኔ ከሥራ እየገባሁ ነው። ሩት ፍራሹን ገልጣ ጥቅሉን አግኝታዋለች። የፈለገችው ጨርቁን ነው፣ ቢጫ ላይ ቀይ አበባ ያለበት ስለሆነ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ ልታደርገው። ብሩን አልጋው ላይ አንድ በአንድ ደርድራዋለች። ዳንኤል አንዱን ይዞ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለአላፊ አግዳሚው ያሳያል። የሦስት ዓመት ልጅ፣ የጃንሆይን መልክ ከፍ አድርጎ፣ በዚህ ዘመን።

ነጥቄ አስገባሁት፣ በሩን ዘጋሁ። ሩትን መታኋት። አላለቀሰችም፣ አየችኝ እንጂ። ብሩን አራት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሙሉ ነው። ማን እንዳየው ግን አላውቅም። የማዕዘኗ ዓሣ ጠባሽ ድንቅነሽ በዚያን ሰዓት በደጃችን አልፋለች፣ ዘይት ልትገዛ። አንገቷን ደፍታ ነበር።

ዕዳ ከሜዳ የሚሉት ይህን ነው። ያለብኝ ሳያንስ የሰው ገንዘብ ጠባቂ ሆንኩ። ነገ ለውጬ ልገላገል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 21

የሁለት ሰዓት ፈቃድ ወስጄ መሃል ከተማ፣ ባንክ ሄድኩ። ሰልፉ ግቢውን ዞሮ እስከ መንገዱ ደርሷል። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የቀበሌ ጠባቂ መታወቂያ ያያል። ጥቅሉ በዘንቢል ውስጥ ነው፣ ከላዩ ጎመን አድርጌበታለሁ።

ከፊቴ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቆሟል፣ በብብቱ ሥር አንድ ነገር ወሽቆ። እጁን ሲያነሳ ጫፉ ታየኝ፤ ቢጫ ላይ ቀይ አበባ። መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። ከእሱ ፊት፣ ሦስት ሰው አልፎ፣ አንድ አስተማሪ አሉ፣ ሩት ወደፊት የምትማርበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ። ደብተራቸው መሃል ያው ጨርቅ። ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ድንቅነሽ ናት። እሷ ዘንቢሌን እያየች ነው። ጎመኑ ተንሸራቶ ኖሯል።

«አንቺም?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔም።»

ሁለት ዓመት ጎረቤት ነን። ጨው ተበዳድረናል፣ ልጆቿን ከትቤላታለሁ። እሷ የአቶ ተሰማ ባለዕዳ መሆኗን አላውቅም ነበር፣ እሷም የእኔን። ረቡዕ አንገቷን የደፋችው ገንዘቡን አይታ ኖሯል፣ የእሷም አንድ ዓይነት ስለሆነ አፍራ።

አቶ ተሰማ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ገንዘብ እንኳ ሳይጠቀልሉ መስጠት አይችሉም። ለሁላችንም ከአንድ ጣቃ ቀደው ጠቅልለውልናል። መስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ ዓይን ካለው ሁለተኛው ሰው ላይ ይነቃል፣ ሦስተኛው ላይ ጠባቂውን ይጠራል።

ድንቅነሽ ጎንበስ ብላ ጨርቁን ፈታች፣ ብሩን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ጨርቁን ለዓሣ መጠቅለያ በያዘችው ጋዜጣ ሸፈነችው። እኔ ጎመኔን አስተካክዬ ከሰልፉ ወጣሁ። ጠባቂው አየኝ። ለምን እንደወጣሁ አልጠየቀም። ሥራ ቦታ እስክደርስ ድረስ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 22

ድንቅነሽን አላየኋትም፣ ምጣዷም ማዕዘኑ ላይ የለም። ተይዛ ይሆን? ማርታን እንድትጠይቅ ልኬ መለስኳት። መጠየቁ ራሱ ያስጠይቃል።

አንድ ነገር አስቤያለሁ፣ በራሴ ደብተር ላይ አልዋሽም። ቀበሌ ሄጄ «አቶ ተሰማ በአራጣ ያበድራል፣ ገንዘብ በሰው ስም ያስለውጣል» ብል ዕዳዬ እዚያው ይቀራል። ምናልባትም ያመሰግኑኛል። ምሳ ሰዓት ሙሉ ይህንን ሳላምጥ ነው የዋልኩት።

ሽማግሌው ይወሰዳሉ። የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግር የለም። ደግሞ ማርቆስ ሥራ ባጣ ጊዜ ወንድሞቼ ሳይቀሩ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ገንዘብ አውጥተው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። በአራጣ ነው፣ አዎ፣ ደሜን መጠውታል። ቢሆንም ሩት ያን ዓመት በልታ አድራለች።

አላደርገውም። ማሰቤ ግን አሳፍሮኛል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 23

ማርቆስ ከመንግሥት እርሻው መጣ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው የማገኘው። ፊቱን ሳይታጠብ ሁሉንም ነገርኩት። ጥቅሉን በእጁ መዘነው።

«ይኼን ለውጠሽ ብትጨርሺ ኖሮ ዛሬ ነፃ ነበርን» አለ።

«ብያዝስ?»

«ስንቱ ለወጠ። አንቺ ብቻ ነሽ የምትያዥው?»

«አንተ ሂድና ለውጥ እንግዲህ» አልኩት። ጥቅሉን መልሶ ሰጠኝ። እሱም እንደማይሄድ ያውቃል። የመቶ አርባ ብር የትራክተር ነጂ አምስት መቶ ብር ይዞ መስኮት ላይ ሲቆም ታየው። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፣ እኛ ቤት ፈሪ ለልጆቹ ነው። ከተጋባን ወዲህ ተኳርፈን ምሳ ስንበላ ዛሬ የመጀመሪያችን ነው። ሩት ግራና ቀኝ እያየችን በላች።

ድንቅነሽ ግን ምጣዷን ጥዳለች። እጇን ብድግ አድርጋ ሰላም አለችኝ፣ ገበያተኛ ስለከበባት አልቀረብኳትም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 24

ጥቅሉን በማዘያው ውስጥ አድርጌ ኢዮብን ከላዩ አዘልኩት። ቤተ ክርስቲያን በጸሎቱ ጊዜ ሁሉ ልጅና አምስት መቶ ብር አዝዬ ቆምኩ። ጌታ ምን እንዳለ አላውቅም። ስንወጣ ቤት ሳልገባ በቀጥታ አቶ ተሰማ ቤት ሄድኩ፣ በዋናው በር።

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «አልቻልኩም» አልኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ፈራሽ?»

«ፈራሁ። ደግሞ አራታችንም በአንድ ዓይነት ጨርቅ ተሰለፍን። ያየን ሁሉ ከማን እንደመጣን ማወቅ ይችል ነበር።»

ጨርቁን አገላብጠው አዩት። ከዚያ «አልሸጥ ብሎኝ የተቀመጠ ጣቃ ነው» አሉ። መሳቅ አማረኝ፣ ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት። በሳምንት ውስጥ አርጅተዋል።

«እንግዲያ ዕዳሽ እንዳለ ነው።»

«እንዳለ ነው። አልከፍልም አላልኩም።»

ተነስተው ወረቀቴን ከሣጥን አወጡ። እሳቸው ማንበብ መጻፍ አይችሉም፣ ሁሉንም ይጽፍ የነበረው ልጃቸው ነው። ዘመቻ ሄዶ እስካሁን ወሬው የለም። ብዕሩን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «የቀረውን አንቺው ጻፊበት። ማንን ላስጽፍ?»

እዚያች ወንበር ላይ የሆንኩትን ለማርቆስም አልነገርኩትም። «ተከፍሎ አልቋል» ብዬ ብጽፍ የሚያነብላቸው የለም። እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። ኢዮብ ጀርባዬ ላይ ፀጉሬን ይጎትታል።

«መቶ ሃያ ብር» ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ስድሳውስ?»

«ስድሳው አራጣ ነው አቶ ተሰማ። ዋናውን በየወሩ ሃያ ሃያ አድርጌ እከፍልዎታለሁ። አራጣ ግን በእጄ አልጽፍም።»

ኢዮብ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። አቶ ተሰማ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ከጽሑፌ ሥር አተሙ። ስወጣ «የልጁን ጉንፋን ተመልከችው» አሉኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 25

ድንቅነሽ ጠዋት ደጄ ድረስ መጣች። ለውጣለች። የባንኩ ጸሐፊ ምንም አልጠየቃትም፣ ቆጥሮ ሰጣት። ወረቀቷን አቃጥላ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች፣ እኔ ታሰረች ብዬ ስንገበገብ። ለልጆቿ የገና ጫማ ገዝታለች።

«ሞኝ ነሽ አስቴር» አለችኝ፣ እንደ እህት እቅፍ አድርጋ።

ቀናሁባት። የእሷ ልጆች ጫማ አላቸው፣ እኔ ስድስት ወር ይቀረኛል። ሳምንቱን ሁሉ የተሸበርኩት ለከንቱ ከሆነ ሞኝ እንኳ ትንሽ ቃል ነው።

አሥር ሰዓት ላይ የቀበሌያችን ጸሐፊ በደጄ ሲያልፍ ቆም አለ። ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

«ሐሙስ ባንክ ሰልፍ ላይ ነበርሽ አሉኝ። ሳትለውጪ ወጣሽ?»

«የምለውጠው የለኝም» አልኩት። «ያለኝ ዕዳ ነው። መቶ ሃያ ብር።»

ሳቀ። «እሱስ ማን የሌለበት አለ» ብሎ ሄደ። የሄደው ወደ ማዕዘኑ ነው፣ ወደ ድንቅነሽ። የያዝኩትን እርጥብ አንሶላ እንደያዝኩ ቀረሁ። ከእሷ ጋር ሲያወራ አየሁት፣ እሷም እጇን በሽርጧ ስትጠርግ። ማርታን በጓሮ ልልካት አሰብኩ። ምን ብዬ?

ሲመለስ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል።

ቤት ገብቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሩት አሻንጉሊቷን ይዛ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች፣ ከረቡዕ ወዲህ ራሷ ስትመጣልኝ የመጀመሪያዋ ነው። መቶ ሃያ ብር ዕዳ አለብኝ፣ ደመወዝ ስቀበል መቶ ይሆናል።