አንድ ክንድ ስንት ፕሮቶን ነው?

ጥቅምት 4

ገና ሻይ ሳልጠጣ አለቃዬ ጠራኝ። ድረ ገጻችን ላይ ያለው የመለኪያ መቀየሪያ ለተማሪዎች እንዲመች ይስፋ አለ። የድሮዎቹም ይግቡ... ስንዝር፣ ክንድ። ከታች ደግሞ አቶም ውስጥ ያሉት፤ ፌምቶሜትር፣ የፕሮቶን ስፋት። አንዱን ሲጽፉ ሌላው ይውጣላቸው።

"ክንድ የማን ክንድ? የሁሉም ይለያያል እኮ!"

"የፈለግሽውን ያዢና ገላግዪኝ።"

ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን ያሳብደኛል። ወርጄ በር ላይ ያሉትን ጥበቃ ለመንኳቸው። ከክርናቸው እስከ መሃል ጣታቸው ጫፍ በቢሮው የሌዘር ሜትር ለካሁ። "ለሬሳ ሳጥን ነው እንዴ የኔ ልጅ?" ብለው አሳቁኝ። ሦስት መቶ ትሪሊዮን ፕሮቶን ሊሞላ ትንሽ ቀረው። መሣሪያው እስከ ፕሮቶን አያይም፤ የመጨረሻዎቹን አሃዞች በእልህ ከኪሴ ጨመርኩ። ቁጥሩን መቀየሪያው ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩት። ይኸው ክንድ!

ጥቅምት 9

ልብስ ሰፊው ለሠራተኛው ጋውን ሊለካ መጣ። "እናንተ ቤት ደግሞ የሁሉም እጅ አንድ ልክ ነው። ተመችታችሁኛል" አለ እየሳቀ። አልሳቅኩም። አለቃዬ ቁመቱ እኔን በጭንቅላት ይበልጠኛል። ክንዳችንን ጎን ለጎን አደረግን። እኩል። ለካሁት... የጥበቃው።

ጥቅምት 10

ባለቤቴንም ለካሁት። ያው።

"ክንድህ ረዘም ያለ አልነበረም?"

"ድሮም ይኸው ነው። ምን ነካሽ ዛሬ?"

የሸሚዙ እጅጌ መዳፉን ሸፍኖታል። ድሮም ይላል... እኔ ብቻ ነኝ የማስታውሰው? ሚጣ ጋ አልደረሰም፣ ተመስገን። ልጄ ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ ክንዷ የራሷ ነው። ለካሁት። አቅፌያት ተኛሁ።

ጥቅምት 12

ቁርስ ላይ ሚጣ "እማዬ፣ እጄ ከበደኝ" አለች። ዞር ብዬ አየሁ። ወይኔ ልጄን! በዚያች ሚጢጢ ትከሻ ላይ የሽማግሌ ርዝመት ተንጠልጥሏል። ጣቶቿ ጉልበቷን አልፈዋል። አባቷ ዳቦ እየቀባ "ምን ሆነች?" ይለኛል።

ቢሮ በረርኩ። ቁጥሩን ላጠፋው ስል እጄ ቁልፉ ላይ ቆመ። ቦታው ባዶ ከሆነ መቀየሪያው ዜሮ ብሎ ነው የሚያነበው። ዜሮ ክንድ... የልጄ እጅ... እግዚኦ!

የግድ የሆነ ቁጥር መኖር አለበት። ከትናንት ወዲያ የለካሁትን አስገባሁ። የልጄን። ሌላው ሰውስ? ሌላው እንደ ፍጥርጥሩ።

ጥቅምት 13

ሚጣ ደህና ናት! እጇን ስሜ ስሜ አልጠግብ አልኩ። እኔ ግን ማንኪያው አፌ እንዲደርስ አንገቴን መድፋት አለብኝ። አለቃዬ መነጽሩን ለማውለቅ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ማንም ምንም አይልም። ጥበቃው ብቻ እጃቸውን እያገላበጡ ያያሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። አፈርኩ።

ሚያዝያ 2

ሚጣ ቁመቷ ጨመረ። ጫማ ጠበባት። ክንዷ ግን ንቅንቅ የለም። እንዴት ይነቃነቅ? ቆልፌዋለሁ እኮ! እንደዚህ ሆና ልትቀር ነው? ባለፈው ያዳንኳት መስሎኝ...

ልጅ በቀን ስንት ታድጋለች? ሐኪሟን ብጠይቃት "በቀን ደግሞ ማን ይለካል?" ብላ ሳቀችብኝ። ራሴ አሰላሁት። ለክንዷ በቀን ሃያ አምስት ቢሊዮን ፕሮቶን ገደማ። ሁሉም ተደምሮ ከአንዲት ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ከዛሬ ጀምሮ ቢሮ እንደገባሁ እሱን እጨምራለሁ። የአለቃዬም አብሮ ቢያድግ ምን ቸገረኝ።

ሚያዝያ 28

ያድጋል! በሜትር ለካሁት፤ ያድጋል። ቅዳሜና እሁድም እየገባሁ ነው። ባለቤቴ "ሥራውን አገባሽው እንዴ?" ይለኛል። ምን ብዬ ልንገረው...

ግንቦት 6

ትናንት ትኩሳት ጣለኝ። ቢሮ አልሄድኩም። ስለ ቁጥሩ እስካሁን ማንም ያወቀ የለም፤ ለባለቤቴም ትንፍሽ አላልኩ።

ዛሬ ጠዋት ሚጣን ሳለብሳት ክንዷን ዘርግታ ትክ ብላ አየችው። ቀጥሎ እኔን። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

"እማዬ፣ ትናንት አላሳደግሽኝም።"

ትኩሳቱ እንዳለ ነው። ጫማዬን አድርጌያለሁ። ይቺን ጽፌ ልሄድ ነው።