ስምዎን ከስሜ ላይ አላነሳም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፦

እንደምን ሰነበቱልኝ? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚይዝዎት የጉልበት ሕመም ተሻለዎት? ወይስ ዛሬም «ደህና ነኝ» እያሉ ጠረጴዛውን ተደግፈው ነው የሚነሱት? የእንጨቱ ብናኝ የሚቀሰቅስብዎ ሳልስ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ነው? እኔ ለክፉ የማይሰጥ ጤና አለኝ። ናፍቆታችሁ ግን እንደ እሾህ ነው፤ ስሮጥ እረሳውና ቁጭ ስል ይወጋኛል።

በታላቋ እህቴ በኩል የላኩት መልእክት ደርሶኛል። «ወይ መጻፏን ትተው፣ ወይ ስሜን ከስሟ ላይ ታንሳ» ማለትዎን የነገረችኝ እያለቀሰች ነው። ከእንጨት ሥራ ቤትዎ አጠገብ ያለው ጸጉር አስተካካይ ሰዎች ስለ እኔ የጻፉትን ለደንበኞቹ ጮክ ብሎ እንዳነበበ፣ እርስዎም መዶሻዎን አስቀምጠው ወደ ቤት እንደሄዱ ነገረችኝ። አንገትዎን ደፍተው ሲሄዱ ታየኝ። መልሱን በስልክ ልናገር ብል ወይ እኔ አለቅሳለሁ፣ ወይ እርስዎ ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጸጉር አስተካካዩ ያነበበው ሰዎች ስለ እኔ ያሉትን እንጂ እኔ ያልኩትን አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት።

የምሠራበት የልብስ ስፌት አዳራሽ ረጅም ነው። ከፊት ትልቁ መግቢያ፣ ከኋላ ደግሞ ለአደጋ ጊዜ ተብሎ የተሠራ የብረት በር አለው። አለቆቹ «ጨርቅ ይሰረቅበታል» ብለው የኋላውን በር በሰንሰለት ጠፍረውት ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የአንዱ የስፌት መኪና ሞተር ተቃጠለና አዳራሹ በጭስ ታፈነ። ከፊት ያሉት ወጡ። ከኋላ ያለነው ወደ ብረቱ በር ሮጥን፤ በሩ ግን ወይ ንቅንቅ! ከጎኔ የምትሰፋው ነፍሰ ጡር በሩ ላይ ተለጥፋ «ሆዴን! ሆዴን!» ስትል፣ ሁለት እጆቼን ከግራና ከቀኝዋ በሩ ላይ ተክዬ የሚገፋውን ሰው በጀርባዬ ያዝኩላት። እግዜር ሲያተርፍ እሳቱ ሳይስፋፋ ጠፋ። እሷም ክንዷ ተሰብሮ ጽንሷ ተረፈ። በማግስቱ ስንገባ ሰንሰለቱ እዚያው ነበር።

ብሎግ የሚሉት፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ የራሱን ጽሑፍ የሚያወጣበት ገጽ ነው። እኔም ስለ ስፌት የምጽፍበት አለኝ። ስለ መርፌና ስለ ክር ስጽፍ «ባለሙያ ሴት» ይሉኝ ነበር። ስለ ተቆለፈው በር በጻፍኩ ማግስት ግን ሌላ ሰው ሆኜ አደርኩ። «ቆሞ ቀር ናት፤ ባል ብታገኝ ዝም ትል ነበር።» «ወንዳወንድ!» «ዝና ፈልጋ ነው።» «ይህንንማ ወንድ ነው የጻፈላት።» ጨዋ ነኝ ባዩ ደግሞ «እህቴ፣ መልክሽ ቆንጆ ነው፤ ምነው ስለ ምግብ አሠራር ብትጽፊ?» አለኝ። ከአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳሁትን ፎቶ ቆርጠው፣ የከንፈር ቀለሜን አክብበው በተኑት። አባዬ፣ ያን ሁሉ አስተያየት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ በሩ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ተቆጣጣሪያችንም ቢሮው አስጠርቶ «ማን ነው የሚጽፍልሽ?» አለኝ።

«እጄ» አልኩት።

ይኸው ከስፌት አንስቶ ማሸጊያ ክፍል ጣለኝ። ካርቶን ሳጥፍ ነው የምውለው።

አልዋሽዎትም፣ ያን ሰሞን አውቶቡስ ስሳፈር በሻርፕ ተሸፋፍኜ ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩን ሲያይ እኔን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጥ፣ ቁጣዋን ፈርተን «ኮማንደር» የምንላት ሰፊ አለች። በምሳ ሰዓት መጣችና ሻርፑን ከራሴ ላይ ገፍፋ፣ «አንቺን ቆሞ ቀር አሉሽ። እኔ ባል አለኝ፤ ልጆቼንም ለወግ ለማዕረግ አድርሻለሁ። እስቲ እኔን ደግሞ ምን እንደሚሉኝ እንይ! በይ የምነግርሽን ጻፊ፣ ከነስሜ» አለችኝ። ጻፍኩ። ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ይቺ አሮጊት ቤቷ ተቀምጣ የልጅ ልጅ አታጫውትም?» ነፍሰ ጡሯ ክንዷን በጀሶ አንጠልጥላ የደረሰባትን ስትናገር ደግሞ «ካሳ ፈልጋ ነው» አሏት። ሦስታችን ካርቶን ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ላገባችውም ላላገባችውም፣ ለወጣቷም ለአሮጊቷም የሚሆን ስም አስቀድመው ሰፍተው ሰቅለውታል። ልክ እንኳ አይወስዱም። እኔ የሰፊ ልጅ ባልሆን ሰፊ ነኝ፤ ያልለኩኝን ልብስ ምን ቆርጦኝ እለብሳለሁ?

ሻርፑን ዳግመኛ አልተሸፋፈንኩበትም። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም አንድ በአንድ እየመጡ ተናገሩ፤ እኔም ጻፍኩ። ወሬው የሠራተኛ ደህንነት ከሚከታተለው መሥሪያ ቤት ደርሶ ሰዎች መጡና የኋላውን በር «ክፈቱልን» አሉ። ቁልፉ ጠፋ! አለቆቹ በየኪሳቸው ሲዳብሱ ቢያዩ! ሰንሰለቱ በመጋዝ ተቆረጠ። ዛሬ ከውስጥ ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት በር ተገጥሟል። «ድሮም አቅደነው ነበር» ብለዋል፤ ይበሉ። ኮማንደር ጠዋት ስትገባ በሩን በክርኗ ገፍታ ሳትሞክረው መኪናዋ ላይ አትቀመጥም። እኔ ገና ማሸጊያ ክፍል ነኝ። ስድቡም አልቆመም።

እንግዲህ ስለ ስምዎ። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን በር ሠርተዋል። ሰው በርዎን ሲያይ «ይከፈታል? ይዘጋል?» ይላል እንጂ «አናጢው አግብቷል ወይ?» አይልም። እኔ ስለ በር ብጽፍ ስለ ባል ተጠየቅሁ። ታዲያ ማፈር ያለበት ማን ነው? የሚሰድቡኝ ሰዎች የሚጽፉበትን ስም ይዩልኝማ፤ አንዱ «አንበሳው»፣ ሌላው «እውነት መስካሪ»። አባቱ ያወጣለትን ስም የጻፈ የለም። አባቱን የደበቀው እሱ ነው ወይስ እኔ? ወንድሜ ሱቁ ላይ ስሙን ሲያስጽፍ የእርስዎን አስከትሏል፤ አንሳ ያለው የለም። እኔም አላነሳም። መጻፉንም አልተውም። ከተወለድኩ ያሉኝን እምቢ ስልዎት ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ይቆጡኝ፤ የአባት ቁጣ ያምርብኛል። ምርቃትዎን ግን አይንሱኝ።

እማዬን ጉንጯን ስመው ሰላም ይበሉልኝ። ሰው ስለ እኔ ቢጠይቃት «ልጄ ሥራ ላይ ናት» ትበል፤ ውሸት የለበትም። ለታላቋ እህቴ በእኔ ምክንያት ማልቀሷን እንድትተው ይንገሩልኝ። ወንድሜንና ሚስቱን፣ ልጆቻቸውንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ትንሿ ማንበብ ጀምራለች ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለጸጉር አስተካካዩም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጽሑፌ ያለው ከአስተያየቶቹ በላይ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሲያነብ ከላይ ይጀምር።

አክባሪ ልጅዎ
ከፋብሪካው ጀርባ ካለው የኪራይ ክፍሌ
እሑድ፣ ጥቅምት ፱ ቀን