የሦስተኛው ረድፍ ሰው

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድህም ለተቀየምኩህም ወንድሜ ለመሳፍንት፤

ነገሩ የተበላሸው መኪናዋ ስትንሸራተት አይደለም። የተበላሸው ከዲማ ወዲያ ሜዳው ላይ ቆመን እጅህን ዘርግተህ «ቁልፉን አምጪ» ያልከኝ ጊዜ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሰዎች አጥሩ ሥር ተደርድረው ያዩን ነበር። አንዱ «እሷ ናት እንዴ የምትነዳው? ወንዱስ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?» አለ፤ ሌላው ቀበል አድርጎ «ወንዱማ ዘንቢል ይጠብቃል!» አለ። ሁሉም ሳቁ። መሪጌታም ጺማቸውን ይዘው ሳቁ። ጆሮህ ሲቀላ አየሁ። ከልጅነትህ ጀምሮ ጆሮህ ሲቀላ የሚከተለውን አውቃለሁ።

«ከዚህ ወዲያ እኔ እይዛታለሁ» አልክ።

«መሳፍንት፣ መሬቱ ዋልካ ነው። ላዩ ደርቆ ይታይህ እንጂ ሥሩ ገና ጭቃ ነው። ተው።»

«የብርጓል፣ ቁልፉን አልኩሽ።»

ሰው ፊት እንዳላዋርድህ ብዬ ሰጠሁህ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ስልክህን ስለዘጋህ ነው የምጽፍልህ። ሐዋሳ መሆንህን የነገረኝ ጌቱ ነው፤ ጋሼ አስማማው አይደለም። ጌቱ ጭነት ይዞ ወደዚያ ስለሚወርድ ደብዳቤውን በእጁ ልኬልሃለሁ። አትቆጣው፤ አምልጦት ነው። የአስም መድኃኒትህን መሳቢያው ውስጥ ጥለኸው ሄደሃል፤ እሱንም አብሬ ልኬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አትርሳ።

እማማ ደህና ናት ልልህ አልችልም። በር በተንኳኳ ቁጥር ተነሥታ ጋቢህን ከማንጠልጠያው ታወርድና አልጋ ሥር ትደብቃለች። ያንኳኳው ሰው ሲሄድ አውጥታ መልሳ ትሰቅለዋለች። አንድ ቀን «እማማ፣ ጋቢው ምን አደረገ?» ብላት «ቤት ያለ ይመስላቸዋል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋትም።

ስለ አወቀ ልጻፍልህ። ለጋሼ አስማማው ስትደውል «ያ ሰውዬ» ብለህ ነው አሉ የጠራኸው። ስሙ አወቀ ነው። ሚስቱ ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች።

ቦታውን ልናይ የሄድነው ለአዲስ አበባዎቹ እንግዶች ነበር። የጮቄን ተራራ አይተው ሲጠግቡ የዓባይን በረሃ ከአፋፉ ላይ ሆነው የሚያዩበት፣ ድንኳን የሚተክሉበት አዲስ ቦታ ልናገኝላቸው። ባለ ሦስት ረድፏን መኪና ስንገዛ «ሰባት ሰው ከነድንኳኑ» ብለህ እንዴት እንደተደሰትክ ትዝ ይለኛል። አንተ እንግዳ ታመጣለህ፣ እኔ እነዳለሁ፤ ስምምነታችን ይህ ነበር። ጂኦሎጂ ተምሬ ሥራ ሳጣ «አፈሩን የምታውቅ ሾፌር ከየት ይገኛል?» ያልከው አንተው ነህ። ጮቄ ላይ የጎማ ንፋስ ቀንሼ፣ ድንጋይ ለቅሜ፣ ሦስት ጊዜ ከጭቃ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የሚያየን ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ አላፈርክብኝም።

የዚያን ቀን መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የመጡት ቦታው ከቤተ ክርስቲያኑ መሬት ጋር ስለሚዋሰን ነው። አወቀ የመጣው ደግሞ እዚያው የሚያርስ ሰው ስለሆነ፣ የቱ እንደሚረገጥ የቱ እንደማይረገጥ ስለሚያውቅ ነው። ጋቢና ግን መሪጌታ ተቀመጡ። ማንም አላዘዘም። ትልቅ ሰው ባለበት ጋቢናው የማን እንደሆነ አይጠየቅም። አንተ መሪውን ስትይዝ እኔ መካከለኛው ረድፍ ገባሁ፤ ግማሹን ድንኳኑና የውኃው ጀሪካን ይዘውታል። አወቀን «አንተ እዚህ ሁን፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ» አልኩት።

«ኧረ በስማም! እኔ የመጣሁት ለመንገዱ ነው እንጂ ለወንበሩ ነው እንዴ?» አለና ወንበሬን አሳጥፎኝ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ገባ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «እንደ እህል ከተታችሁኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ወንበሩን መልሼ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። በዚህኛው እጄ።

መንገድ የሚያውቀውን ሰው መንገድ ከማይታይበት ቦታ አስቀመጥነው። ለአክብሮት ብለን።

ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ ሲጮህ ሰምተኸዋል። «በቀኝ! በድንጋዩ በኩል! ሣሩን እንዳትረግጠው!»

«ምን ይላል?» አልክ።

«በቀኝ ያዝ ይላል» አልኩህ።

መሪጌታ «ከኋላ ተቀምጦ የሚመራ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። አንተም ከርሳቸው ጋር ሳቅክ። እየሳቅክ ሣሩን ረገጥከው።

ሣሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ መሪው አልነበረህም፤ ፍሬኑም አልነበረህም። መኪናዋ ዞራ በቂጧ ወደ ቦረቦሩ ወረደች፣ የኋላ በሯም ከቋጥኙ ጋር ተጣበቀ። ሦስታችን በየበራችን ወጣን። ሦስተኛው ረድፍ የራሱ በር የለውም መሳፍንት። በስንት ጉዞ ሰው ጭነንበታል፤ አንድም ቀን አላሰብነውም። ድንኳኑም ጀሪካኑም ደረቱ ላይ ወድቀዋል። ተመልሼ ገብቼ የወንበሩን ማጠፊያ ሳብኩ፤ ጭነቱ ተጭኖት አልላወስ አለኝ። በቀዳዳው እጁ ይታየኛል። «እህቴ፣ አይዞሽ፣ ቀስ በይ» ይለኛል። እሱ ነው እኔን አይዞሽ የሚለኝ!

አንተ «ሰው ልጥራ» አልክና ሮጥክ። ቀና ብዬ አየሁህ። የሮጥከው ወደ መንደሩ አልነበረም፤ ወደ መኪና መንገዱ ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ጩኸቴን የሰሙ የመንደሩ ሰዎች ዶማ ይዘው ሲደርሱ አወቀ ዝም ብሎ ነበር።

አሁን ቤታችን ምን እንደሚመከር ስማ። ያለፈው ሐሙስ ጋሼ አስማማው መሪጌታን ይዞ መጣ። አጎት ነውና፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ስለሆነ ሳሎን ከላይ ተቀመጠ። እኔን ከፊታቸው አስቀመጡኝ። እማማን ወደ ጓዳ ላኳት።

«የሴት ደም አይፈለግም» አለኝ ጋሼ አስማማው። «አንቺ የነዳሽ ከሆነ ዘማርያም ስለ ወንድሙ ስለ አወቀ ጥይት የሚያወጣበት ወንድ የለም። ሕጉም ቢሆን አደጋ ነው ይላል፤ ትንሽ ታስረሽ ትወጫለሽ። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። እሱ ግን የቤቱ ወንድ ነው።»

«ቤቱን ጥሎ የሄደው ወንድ?» አልኩት።

«አፍሽን!»

ወደ መሪጌታ ዞርኩ። «መሪጌታ፣ እርስዎ ጋቢና ነበሩ። ከርስዎ እስከ መሪው አንድ ክንድ ነው። ማን ነበር የሚነዳው?»

መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ፣ እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ። አላየሁም።»

ሲስቁ ነበር መሳፍንት። በጆሮዬ የሰማሁት ሳቅ ነው።

እርቁ ለኅዳር ሚካኤል ተቀጥሯል። ድንጋይ ተሸክሜ ከዘማርያም እግር ሥር ወድቄ «እኔ ነኝ» እንድል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄጄ ቃሌን እንድሰጥ። የምናገረውን ጋሼ አስማማው በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። በተማርኩበት ፊደል የራሴን ውሸት እንዳጠናው።

መኪናዋን ጎትተው አምጥተው ግቢ አቁመዋታል፤ ሸራ ለብሳለች። ቅዳሜ ሸራውን ገልጬ ገባሁ። ጭቃው ታጥቧል። አንተ እግርህ ረጅም ስለሆነ የዚያን ቀን ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍተኸው ነበር፤ ጉልበቴን ስለገፋኝ አልረሳውም። አሁን ወደ ፊት ተስቧል። ስቀመጥበት እግሬ ፍሬኑ ላይ በልኩ አረፈ። ሰው ቁመቴን ለክቶ ጉድጓድ የቆፈረልኝ መሰለኝ። ወደ ነበረበት ገፋሁትና ወጣሁ። እሁድ ጠዋት ሳየው እንደገና ወደ ፊት ተስቧል። ከኔ ሌላ የመኪናዋ ቁልፍ ያለው ጋሼ አስማማው ብቻ ነው።

ዘማርያም በየቀኑ ይመጣል። ከበራችን ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል። አይሳደብም፣ ድንጋይ አይወረውርም። በሩ ሲከፈት ዓይኑን ያነሣል፤ የወጣሁት እኔ መሆኔን ሲያይ መልሶ ይጥለዋል። እንዳልወጣሁ ያህል። ባለፈው ዓርብ ውኃ ይዤለት ወጣሁ። ብርጭቆውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ አልጠጣም።

«ዘማርያም፣ በአወቀ ነገር ልቤ ተሰብሯል» አልኩት።

«ወንድምሽ የት ነው?»

«እኔ የነዳሁ ብሆንስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። «አንቺ ከሆንሽ ነጠላዬን አራግፌ ወደ አገሬ እሄዳለሁ። ሴት ነሽ፤ አንቺን ምን አደርግሻለሁ?» አለኝ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ግን አጥር ሥር የነበሩት ሰዎች ቁልፉን ሲቀበልሽ አይተዋል» አለ። ብርጭቆውን መልሶ ሰጠኝ።

ገባህ? ያውቃል። ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር። ጋሼ አስማማው ዓይኑን ጨፍኖ ሰው ሁሉ የጨፈነ ይመስለዋል። እኔ ብታሰር ዘማርያም ከግድግዳው ሥር አይነሣም፤ ቀስ ብሎ ይፈልግሃል እንጂ። ጌቱን ያመለጠው ወሬ ነገ ለሌላ ሰው ያመልጠዋል። ሐዋሳ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ሰሞኑን ዘማርያም አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዶ ስለ ደቡብ መስመር ሲጠይቅ ያየው ሰው አለ።

ስለዚህ የምልህን ስማኝ። ጌቱ ረቡዕ ሐዋሳ ይገባል፣ ዓርብ ይመለሳል። አብረኸው ና። ቤት አትምጣ፤ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ግባና «እኔ ነበርኩ» በል። በሕግ እጅ ውስጥ ያለን ሰው ዘማርያም አይተኩስበትም፤ ሸሽቶ የተደበቀውን ነው የሚያሳድደው። ሚካኤል ዕለት ለእርቁ እንዲያመጡህ ፖሊሶቹን እለምናቸዋለሁ፤ ድንጋዩንም አብሬህ እሸከማለሁ። ወንበሩን የቆለፍኩ፣ ቁልፉን የሰጠሁ እኔ ስለሆንኩ የኔም ድርሻ አለበት። ይህንን ያለ ማንም ግፊት ጽፌ እፈርማለሁ። ከዚህ አንዲት መስመር አልጨምርም።

ካልመጣህ እሁድ ጠዋት እኔው ጣቢያ እሄዳለሁ፤ ያየሁትንም ያየሁትን ያህል እናገራለሁ። ጋሼ አስማማው ካወቀ በር እንደሚዘጋብኝ አውቃለሁ። ትናንት የውጭውን በር ቁልፍ ቀይሯል፤ «ለዘማርያም ነው» አለ። እማማ አንዱን መክፈቻ ከኪሱ ወስዳ ምንም ሳትናገር ትራሴ ሥር አስቀመጠችልኝ።

ጨካኝ ሆነች ትለኝ ይሆናል። የጎማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንተን ገድለው የሚመለሱ እየመሰለኝ ነው የምኖረው። ልጅ ሆነን ትንፋሽ ሲያጥርህ ጀርባህን የምደግፍህ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ትንፋሽህን እየቆጠርኩ ነው፤ ከዚህ ሆኜ።

ፈጣሪ መንገድህን ደረቅ ያድርግልህ። የሚያይህ ዓይን ሁሉ የሚራራ ይሁን። የእማማ ጸሎት ከፊትህ ይቅደም፤ የአወቀ ነፍስም በሰላም ትረፍ፤ ልጆቹንም ሚስቱንም እርሱ ያጽናናቸው።

እኔ ግን ከእንግዲህ ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ አልናገርም። ስለማልቆጠር ብቻ ደህና የምሆንበትን ደኅንነት አልፈልገውም። ቤቱ በኔ ዝምታ እንዲቆም፣ አንተም ከኔ ጀርባ ተደብቀህ ቀስ በቀስ እንድትሞት አልቀበልም።

እህትህ
የብርጓል