ጎረቤት ያለቀሰልሽ ቀን

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድስ ለቀቀሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ ከቆቦ ሙቀትና ከእኔ ንዴት በቀር ደህና ነን።

ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽ ናፍቆን ስለነበር፣ በመንገደኛ የላክሽው ፍላሽ ሲደርስ እማዬ እልል አለች። ከፍተን ብንሰማው ቫዮሊን ብቻ! አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። እማዬ ግማሽ ሰዓት ታግሣ አዳመጠችና፣ እስካሁን እየቃኙ ነው ወይ፣ መቼ ነው የሚጀምሩት አለችኝ።

የመጨረሻው ያንቺ ኦፔራ ነበር። ገና አፍሽን ስትከፍቺ እማዬ ልጄ ናት ብላ ማልቀስ ጀመረች። ጆሮዋ ደከም ስላለ ጨምሪው አለችኝ፤ ጨመርኩት። አንቺዬ፣ ያ ዘፈን ነው? ልጇ እንደሞተባት ሴት ነው የምትጮኺው! ወዲያው እትዬ ቆንጅት ከጎረቤት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ዋይ ዋይ እያለች ገባች። ጋሽ አራጌ የእድሩን ድንኳን የት እንትከለው አለ። ማንም አልሞተም ብል፣ ድምፁ ከስፒከሩ እንደሚወጣ ባሳያቸው፣ በድምፅ የተላከ መርዶ ነው ብለው ባሰባቸው። ቋንቋው ባይገባቸውም ለቅሶው ገብቷቸዋል።

በዚህ መሐል አባባ ከጎብዬ ገበያ ደረሰ። ዘፋኝ ልሁን ብለሽ ከሄድሽ ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሲጠይቀው ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት እያለ እኔን ነው የሚያሳየው። እትዬ ቆንጅት ማን ሞቶብህ ነው ስትለው ደጃፉ ላይ ቆሞ ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ ማንም አልሞተም፣ የምትዘፍነው ትልቋ ልጄ ናት አለ። ወዲያው ዝጊው ብሎ ጮኸብኝ፤ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈኝ ነው።

እኔ መሐል ገብቼ ተቃጠልኩ! ለእማዬ የቫዮሊኑን ነገር ማስረዳት የእኔ፣ የአባባን ኩርፊያ መቻል የእኔ፣ የሰፈር መሳቂያ መሆንም የእኔ። አንቺ ልከሽ ታርፊያለሽ። ያን ሁሉ ስትጭኚ፣ አባባ እንደምን አለህ የምትል አንዲት ቃል መጨመር እንዴት አቃተሽ? ዘፈኑን ተይውና በራስሽ አፍ፣ በአማርኛ ተናግረሽ ላኪ።

እማዬ አላህ ጉሮሮሽን ይጠብቅልሽ፣ በሰላም ያገናኘን ብላ መርቃሻለች። አባባ ሰላም በያት አላለኝም። ብቻ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስ መንገደኛ አጥቼ ስነጫነጭ፣ ማንም ሳይልከው ሮቢት ድረስ ሄዶ ሰው ያገኘልኝ እሱ ነው።

የተናደደችብሽ ታናሽ እህትሽ