ዶዘሩ የበተነው ጅጌ

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዶዘር ተገኘ። ያውም በነጻ።

የሥራ ተቋራጩ ተክሌ ጠዋት ፊልትሮ ሊገዛ ሱቅ መጣ። ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ ደንበኛዬ ነው፤ መኪና ሲሰበርበት ከሚስቱ ቀድሞ ለእኔ ነው የሚደውለው። ወሬ ወሬን እያነሳ የእሱ ዶዘር የት እንዳለ ሲነግረኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኛ አገር ነው ያለው፣ ረቡዕ ገበያ አፍንጫ ስር። "የሥራ ቦታ እስኪያስረክቡን ዝም ብሎ ቆሟል፣ ሁለት ቀን ልስጥህ?" አለኝ። ግንባሩን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ልጆቼ አንድ ቀን ይህን ካነበቡት ግራ እንዳይገባቸው ልጻፈው። አገራችን ያሉት ሦስት ትንንሽ ከተሞች በገበያ ቀናቸው ነው የሚጠሩት፦ ሰኞ ገበያ፣ ረቡዕ ገበያ፣ ቅዳሜ ገበያ። አስፋልቱ በታች በኩል ካለፈ ወዲህ ሰኞና ቅዳሜ በመኪና ይገናኛሉ። መሃል ያለችው የእኔዋ ረቡዕ ገበያ ተራራው ላይ ቀረች፤ ገበያዋም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ ጨው የሚሸጥ እንኳ ጠፋ። እኛ መርካቶ ያለን ተወላጆች ኮሚቴ አቋቁመን፣ ሦስቱንም በተራራው ወገብ የሚያገናኝ የእግርና የአህያ መንገድ ይሠራ አልን። እዚያ ያሉት አጎቴ አያ ይመር ሕዝቡን በጅጌ እያወጡ ያሠራሉ። ጅጌ እዚህ ደቦ የምንለው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ወጥተው ድንጋይ ይክባሉ፣ አፈር ይሞላሉ። ከሁለቱም ጫፍ መጥተው አሁን የቀረው ገደላማው ቁልቁለት ብቻ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ካልተገናኘ ግን ዘንድሮም ገበያ የለም። የአያ ይመር ልጅ ከድጃ መንገዱን ተማምና ሻይ ቤት ከፍታለች፤ ሰው ካልመጣላት ዘግታ ደሴ ልትገባ ነው።

ማታ ለዘይነባ ነገርኳት። ሚስቴ ደስታ ላይ ውሃ መቸለስ ትወዳለች። "አያ ይመርን ጠየቅካቸው?" አለች። ምኑን ነው የምጠይቃቸው? በዚያ ዕድሜያቸው ዶማ ይዘው ገደል ላይ መዋል ሱስ ሆኖባቸው ይሆን? ሲያዩት ይመርቁኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ገበያው ፋታ አልሰጠኝም። ቢሆንም የሠራሁት፦

ለዶዘሩ ሹፌር ደወልኩ። ነገ ጠዋት እዚያ ነኝ ብሏል።

ለኮሚቴው ቴሌግራም ላይ ወሬውን በድምፅ ላክሁ። ሊቀመንበራችን ሐጂ ኑሩ በሦስት አውራ ጣት መለሱልኝ። እሳቸው አንድ መላክ አያውቁም።

አያ ይመር ጋ ደወልኩ፣ አያነሱም። ከድጃ አነሳችው። "አባባ ለነገው ጅጌ በየቤቱ እየዞረ ነው፣ ስልኩን ቤት ትቶት ሄደ" አለችኝ። "ስለ ዶዘሩ ንገሪያቸው" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ሕዝቡ ሁሉ ተሰብስቦ እያለ ዶዘሩ ድንገት ብቅ ሲል ያለውን እልልታ አሰብኩ። እዚያው ያግኙት አልኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ከቀትር በፊት ከሹፌሩ ፎቶ መጣ። ቀይ፣ ሰፊ፣ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ። እኛ ያሰብነው የአህያ መንገድ ነበር። ሐጂ ኑሩ ጋ ሮጥኩ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ካለው የጨርቅ ሱቃቸው ድረስ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጥልቀው፣ እንደገና አውልቀው አዩት። "ሰዒድ፣ አንተ ሰው ነህ" አሉ። ስመለስ ሶማሌ ተራ ውስጥ ያላሳየሁት ሰው የለም። ሎተሪ አዟሪው ሳይቀር አይቶታል።

ወደ ማምሻው ከድጃ ደወለች። ድምጿ ልክ አልነበረም።

ሰው ከጠዋት ጀምሮ ወጥቶ ነበር። እነ አያ ይመር ቤት ንፍሮው ተቀቅሎ ደርሷል። ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ዶዘሩ መጣ። ሹፌሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ "አደጋ አለው፣ ዞር በሉ" አላቸው። ዞር አሉ። ማን እንደላከው ቢጠይቁት "ከአዲስ አበባ ነው የታዘዝኩት" አላቸው። ቆመው አዩ። ዶዘሩ አፈሩን ሲገፋ፣ በየረቡዑ የካቡትን ድንጋይ እዚያው ስር ቀበረው። ያኔ አንድ በአንድ መሣሪያቸውን እየያዙ ሄዱ። ንፍሮውን የበላ የለም።

"አያ ይመርስ?" አልኳት።

"ቤት ነው። ዶማውን ጓዳ አስገብቶታል።"

ፎቶውን እንደገና ከፍቼ አየሁት። ጠዋት ሳላየው ያለፍኩት ነገር ጥግ ላይ አለ፦ ዳር ላይ የቆሙ ሰዎች፣ ፊታቸውን ያዞሩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

አያ ይመር አያነሱም። ሦስቴ ሞከርኩ።

ለሐጂ ኑሩ ነገርኳቸው። "ይረሱታል፣ መንገዱ አለ አይደል?" አሉኝ። ተናደድኩባቸው። ቆይቼ ሳስበው ትናንት ቢሆን እኔም ይሄንኑ ነበር የምለው።

ከሰዓት ለአንድ ሰው የሌላ መኪና ፍሬን ሸራ ሸጥኩለት። ይሄ በሃያ ዓመት አልደረሰብኝም። ሰውየው ተመልሶ መጥቶ "ጋሼ፣ ዛሬ የት ነው ያሉት?" አለኝ። ቀየርኩለት።

ዝናብ ጣለ። ላስቲክ ወጣጥረን ዕቃውን ስንሸፍን፣ ተሸካሚዎቹ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ጫፉን ያዙልን። አንዱ "ጋሼ፣ እርስዎ ያን ጫፍ ይያዙ፣ እኔ ይሄን እይዛለሁ" እያለ ያዝዘኛል። እዚህ ሰው አብሮ ሲይዝ አያለሁ፣ እዚያ የያዙትን አስለቀቅኳቸው። ምን ነበረበት አንድ ቀን ቀድሜ ብጠይቅ? አያ ይመርን ብጠይቃቸው ኖሮ "ገደሉ ላይ የከበደንን ድንጋይ ብቻ ያንሳልን" ይሉኝ ነበር። ዶዘሩም ይጠቅም ነበር፣ ጅጌውም ይቀጥል ነበር። እኔ ግን እልልታ ፈለግሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ከጁምዓ ስወጣ ከድጃ ደወለች። ትናንት እነሱም ጋ ዘንቧል። ዶዘሩ የቆረጠው ቁልቁለት ተንሸራቷል። ካብ የለው፣ ምን ይያዘው። ዶዘሩ ደግሞ ወደ ዋናው ሥራው ሄዷል።

"ሰዎቹ ምን ይላሉ?" አልኳት።

"የአዲስ አበባ ሰዎች መንገድ ነው፣ ራሳቸው ይጠግኑት ነው የሚሉት። ጥላቻ አይደለም ሰዒድ፣ ቅር ብሏቸው ነው። እኔም ብርጭቆዎቼን መጠቅለል ጀምሬያለሁ፣ አትቀየመኝ።"

እኔ ነኝ እሷን የምቀየማት?

ተክሌ ማምሻውን ብቅ አለ። "እንዴት ነው፣ አሪፍ ሠራልህ?" አለ። የዋህ ነው። ምን ልበለው? አመሰገንኩት። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ዘይነባ እራት ላይ ጥሩ ጥሩውን ወደ እኔ ገፋ ገፋ አደረገችልኝ። "ነግሬህ ነበር" ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

አያ ይመር ራሳቸው ደወሉ።

ሰላምታው ረዘመ። ስለ ዘይነባ ጠየቁ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ ሱቁ ጠየቁ። ስለ ዶዘሩ አንድ ቃል የለም። መጨረሻ ላይ እኔው አላስቻለኝም። "ይቅር በሉኝ" አልኩ።

"እኔን ምን አደረግኸኝ?" አሉ። "እኔ በየበሩ ዞሬ ሰው አወጣሁ። የወጣው ሰው ዞር በል ተባለ። የተጠራ ሰው ዞር በል ይባላል?"

"እንደገና ይጥሩልኝ፣ አያ ይመር። የሚያስፈልገውን ሁሉ ከዚህ እልካለሁ።"

"እኔማ ከእንግዲህ በየትኛው ፊቴ? አንተ ጥራ።"

"እሺ፣ ዛሬውኑ ለሁሉም እደውላለሁ" አልኩ። ምነው በቆረጠው ይሄን ምላሴን።

  ቀስ ብለው "ጅጌ በስልክ ሲጠራ የት አየህ ልጄ?" አሉኝ።

አላየሁም። አባቴ ሲጠራ አስታውሳለሁ። ዋዜማውን ከቤት ቤት ይሄዳል፣ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ ያዘነ ካለ ያጽናናል፣ የታመመ ካለ ይጠይቃል። ጅጌውን የሚያነሳው መጨረሻ ላይ ነው። በማግስቱ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘውም ጠሪው ራሱ ነው።

እኔ በዚያ ከተማ የትኛውን በር ነው የማንኳኳው? ሁሉም በር ላይ ያልደረስኩት ለቅሶ አለ። የአባቴ ጓደኛ የአያ ሙሄ ሚስት እትዬ ዘሀራ አምና ሲሞቱ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ለአንድ ደንበኛ በእጄ ምልክት እየሰጠሁ፣ አያ ሙሄን በስልክ ነው ያጽናናኋቸው። እትዬ ዘሀራ ከእናቴ ቀጥለው ያጎረሱኝ ሴት ናቸው። ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ሥራ አልበዛብኝም። መንገዱ ሩቅ ሆኖብኝ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ቅርብ።

ያሳፍራል። ሌላ ቃል የለኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ኮሚቴው ሐጂ ኑሩ ሱቅ ተሰበሰበ። "ነገ እሄዳለሁ፣ አብሮኝ የሚሄድ አለ?" አልኩ።

አንዱ ዕቃ ከጉምሩክ ይጠብቃል። አንዱ ልጁ ፈተና አለበት። አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ። አልፈረድኩባቸውም፣ ከሳምንት በፊት ዕቃ ከጉምሩክ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።

ሰው ሲበተን ሐጂ ኑሩ እጄን ይዘው አስቀሩኝ። "ጉልበቴ ያን ዳገት አይወጣልኝም" አሉ። ቀጥለው "ዘሀራ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ታውቃለህ? እኔም አልሄድኩም። ሙሄ ቤት ስትገባ ለእኔም አልቅስልኝ" አሉ። ዓይናቸው ሞላ። ሁለታችንም ወደ ጨርቁ ዞር አልን።

ዘይነባ ሻንጣዬን ከፍታ አየችና ቆዳ ጫማዬን አውጥታ ጣለችው። የድሮ ሸራ ጫማዬን አስገባችልኝ። "ለስብሰባ አይደለም የምትሄደው" አለች።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

አውቶቡስ ተራ፣ ገና ሳይነጋ። ወንበሬ መስኮት በኩል ነው። ጎኔ የተቀመጡት እናት ዶሮ ይዘዋል፣ ዶሮዋ ከእኔ ይልቅ የተረጋጋች ናት። ሱቁን ለዘይነባ አስረክቤያለሁ።

በር ላይ ቆሜ የምለውን መላልሼ እለማመዳለሁ። አንዱም ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19፣ ረቡዕ ገበያ

ማታ ደርሼ አያ ይመር ቤት አደርኩ። መሳም ሳሙኝ፤ ጠዋት "አብረውኝ ይውጡ" ስላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። በር በሩን እያሳዩኝ ከግቢያቸው አልወጡም።

መጀመሪያ አያ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል።

"ማን ነህ?"

"ሰዒድ ነኝ፣ የአህመድ ልጅ።"

"የትኛው ሰዒድ? የሚደውለው?"

"አዎ" አልኩ። "የሚደውለው።"

 ለእትዬ ዘሀራ አለቀስኩ፣ ለሐጂ ኑሩም አለቀስኩላቸው፤ ስለ ራሴ ያለቀስኩትም አለበት። አያ ሙሄ እስክጨርስ ጠበቁኝና "ግባ፣ በር ላይ አያለቅሱም" አሉ። እትዬ ዘሀራ ሲወጡ ሲገቡ የሳቁትን፣ የመከሩትን ሁሉ ነገሩኝ። አምና በስልክ ስንት ደቂቃ አወራኋቸው? ይሄን አንዱንም አልሰማሁም።

ልወጣ ስል "ነገ ገደሉ ላይ ጅጌ አለብኝ" አልኩ።

"እሺ" አሉ።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው በር፣ ሦስተኛው፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። አንድ ቤት አላወቁኝም። አንድ ቤት አውቀውኝ ቡናቸውን መውቀጥ ቀጠሉ። አንዲት ሴትዮ ሳቅ እያሉ "ዶዘሩ የታለ?" አሉኝ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ግን ሁሉም "እሺ" ብለዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በር ላይ ቆሞ የሚጠራን ሰው እምቢ የሚል በዚህ አገር የለም። የማይመጣም እሺ ነው የሚለው። እውነቱ የሚታወቀው ጠዋት ቦታው ላይ ነው።

ወደ ማምሻው ከድጃ ሻይ ቤት አረፍ አልኩ። ብርጭቆዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ናቸው። ለእኔ አንዱን ፈትታ ሻይ ቀዳችልኝ። "ሌላውንስ?" አልኳት።

"ነገን ልየውና" አለች።

ከሻይ ቤቱ በር ሆኜ ገደሉን አየሁት። ቀዩ አፈር ተንዶ ወርዷል። ካቡ ከስሩ አለ፣ የሰዎቹ እጅ ያለበት ድንጋይ። እሱ ወጥቶ ተመልሶ ካልተካበ መንገዱ አይቆምም።

አሁን አያ ይመር ቤት ነኝ። ጓዳ ንፍሮ እየተቀቀለ ነው። ለስንት ሰው እንደሚበቃ ጠየቅሁ፤ "ለመጣው" አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ይምጡ አይምጡ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ቅድም ግን ዶማቸውን አውጥተው በር ላይ አስደገፉት። ለእኔ ይሁን ለእሳቸው አላወቅሁም።

ጠሪ ቀድሞ ይገኛል። ማንም ባይመጣ ድንጋዩን ብቻዬን ማውጣት እጀምራለሁ።