«ምን በላች?» ሳይሆን «ማን በላት?» ስለተባለላት ሕፃን

ቀን፦ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዋርካ ሜዳ ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ለክቡር አቶ ሰውመሆን
ባሉበት

አመልካች፦ ወ/ሮ እማዋይሽ አያልነህ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ የዋርካ ሜዳ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የጎረቤቴ ልጅ ለውዝ አልስማማ ብሏት ስትታመም የጤና ጣቢያዎ ባለሙያ በሽታው እኔ ነኝ ብለው ስለወሰኑ፣ ውሳኔው እንዲታረምልኝና ልጅቷም ከሞት እንድትጠበቅ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ከእኔ አፍ ሲወጣ የሚያስደነግጥዎ ከሆነ ግን ጥያቄዬን አንስቻለሁ። ባለሙያዎ እንደመሰከሩብኝ ከሆነ ጤና የምጠይቀውም የምነሳውም እኔው ነኝና።

1. እኔ አመልካች በዋርካ ሜዳ ተወልጄ ያረጀሁ ሸክላ ሠሪ ነኝ። በአካባቢያችን ወጡ በእኔ ድስት ይሠራል፣ ጠላው በእኔ ጋን ይጠመቃል፣ ውኃው በእኔ እንስራ ይቀዳል። ድግስ ቤት ስገባ ግን እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እጄ ንጹሕ፣ ዓይኔ ርኩስ ሆኖ ተከፍሎልኛል ማለት ነው። ይህን ለምጄዋለሁ፤ አቤቱታዬም በዚህ አይደለም። ይህን ማመልከቻ በወረታው መንገድ መገንጠያ ላይ ከጥላቸው ሥር ተቀምጠው የሚጽፉልኝ አቶ ኃይለ ሚካኤልም «እባክሽ ወደ ፍሬ ነገሩ ግቢ» ስላሉኝ ገብቻለሁ።

2. ከወ/ሮ አምሳልና ከባለቤቷ ከአቶ ደሞዝ ጋር የሚለየን አንድ አጥር ነው። አቶ ደሞዝ ሩዝ አምራች ነው፤ ከብትም ያረባል። ልጃቸው ጽጌሬዳ አምስት ዓመት አልሞላትም። ጭቃ ትወዳለች። ከጭቃዬ እየቆነጠረች ላም ትሠራለች፤ ቀንዱ ከላሚቱ ይበልጣል። «ያገራችን ላም ቀንዷ አጭር ነው እኮ» ብላት «ይቺ ገና ታድጋለች» ትለኛለች። አምሳል ሰው የሚላትን ሳትሰማ በአጥሩ ሽንቁር ልጇን ትልክልኝ ነበር። ስለዚህች ሴት ኋላ የምናገረው አለ፤ መጀመሪያ ግን እንዲህ እንደነበረች ይታወቅልኝ።

3. ባለፈው መስከረም ከወረታ ገበያ ስመለስ የተቆላ ለውዝ ይዤ መጣሁና ለጽጌሬዳ ዘገንኩላት። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፤ ገላዋም ሳማ እንደነካው ሰው ተንደበደበ። አምሳል አዝላ ጤና ጣቢያዎ አደረሰቻት። ተረኛው ነርስ አቶ ንብረት ከወንበራቸው ሳይነሱ «የሆድ ትል ነው» ብለው የትል መድኃኒት ሰጧት። እብጠቱ በማግሥቱ ጠፋ፤ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ነበርና። ትሉ ተወገዘ፣ መድኃኒቱ ተመሰገነ፣ ለውዙን ያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁትም። ለውዝ ሰው ያሳብጣል ብዬ በምን ላስብ? የእኔ ትምህርት ጭቃ ነው። እንዲያስቡ የተማሩት እሳቸው ነበሩ።

4. በኅዳር፣ አቶ ደሞዝ ሩዝ አጨዳ ላይ ሳለ፣ ጽጌሬዳ መጥታ ከለውዜ ዳግመኛ ቀመሰች። ጥቂት እንዳኘከች ምላሷን አውጥታ በእጇ ታሸው ጀመር። «እማዋይ፣ አፌን በላኝ» አለችኝ። ውኃ እስካመጣላት ፊቷ ተለወጠ፤ ዓይኗ ተከደነ፤ ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲር ሲር አለ። አምሳልን ተጣራሁ። ባለባጃጁን ታደለን ከመንገድ አስቁመን ሁለታችንም ልጅቷን ይዘን ጤና ጣቢያዎ ገባን።

እውነት ለመናገር አቶ ንብረት ደንገጥ ብለው ተነስተዋል። መርፌም አንስተዋል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ልጅቷን «ምን ሆንሽ?» አሏት።

«በላኝ» አለች በተዘጋ ድምፅ።

ክቡርነትዎ፣ አፏን እያሳከካት መሆኑ ነበር። ሰው አፉን ሲያሳክከው ምን ይበል? እሳቸው ግን ቀና ብለው «ከማን ቤት ነበረች?» ብለው ጠየቁ። ወረፋ ከያዙት አንዷ ሴት ከእኛ ቀድማ «ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ነዋ!» አለች።

አቶ ንብረት እኔን አዩ። መርፌውን መልሰው አስቀመጡት።

«እንዲህ ያለው በመርፌ አይነካም» አሉ፤ «መርፌ ካገኘው እዚሁ ያስቀርብናል።» ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው «እንትፍ በይባትና ልቀቂያት» አሉኝ።

ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ «መትፋት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ፊደል እንደምንም እለያለሁ። ሕጉ የሚሠራው ለሌላው በሽተኛ ይሆናል።

አምሳል ግን እግሬ ላይ ወደቀች። «እማዋይ፣ በእመብርሃን! ልጄን ልቀቂልኝ!» አለች። በአጥር ሽንቁር ልጇን የምትልክልኝ ያች ሴት ናት እንዲህ ያለችው። ብተፋ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለቴ ነው፤ ዕድሜ ልኬን አይለቀኝም። ባልተፋ ደግሞ እነሱ እኔን ሲለማመጡ ልጅቷ ታልቃለች። ልጅ ከሚቀበር ስሜ ይቀበር አልኩና ተፋሁ።

ምንም አልሆነም። ከንፈሯ ወደ ጥቁር ሰማያዊ አመራ። ከወረፋው አንዱ «ከልቧ አልተፋችም» አለ። ደገምኩት። በዚህ መሃል ታደለ በሩን ገፍቶ ገባና «ኧረ ልጅቷ ትንፋሽ አጠራት! ምራቅ ስትጠብቁ ልትሞት ነው እንዴ?» ብሎ ነጥቆን ወጣ። እኛም ተከትለነው በባጃጁ ወደ ከተማው ሆስፒታል በረርን። የሪፈር ወረቀት የሰጠን የለም። በአቶ ንብረት ቤት፣ ወደ ጸበል የምትሄድ ልጅ ወረቀት አያስፈልጋትም ነበር መሰለኝ።

5. ሆስፒታል ዶክተር እየሩስ የሚባሉ ወጣት ሐኪም ተቀበሉን። ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያው ቃል «ምን በላች?» የሚል ነው። «ለውዝ» አልኩ። «ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሆና ታውቃለች? ያን ጊዜስ?» አሉ። «ያን ጊዜም ለውዝ» አልኩ፤ ስናገረው ለራሴም ገና በራልኝ። እያወራን እንኳ እጃቸው አልቆመም፤ ጭኗ ላይ መርፌ ወጓት። አዎን፣ መርፌ። ያ «ያስቀርብናል» የተባለው። ልጅቷ ግን አልቀረችም፤ ትንፋሿ እየተከፈተ፣ ከንፈሯ እየቀላ መጣ፤ ከዚያም ጮኻ አለቀሰች። እንደዚያ ልቅሶ ያስደሰተኝ ሙዚቃ የለም።

ዶክተሯ ነገሩን ለሁለታችንም አስረዱን። አለርጂ ይባላል፤ የልጅቷ ገላ ለውዙን ጠላት መጣብኝ ብሎ ሲዋጋ ራሱን ነው የሚያንቀው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሊብስ ይችላል፤ ለውዝ ከእንግዲህ በአፏ እንዳይዞር አሉ። የወጓት መድኃኒት አድሬናሊን ነው። በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊኖር የሚገባው ነውም አሉን። ኋላ እንደሰማሁት በእርስዎም ጤና ጣቢያ ነበር፤ አቶ ንብረት ከቆሙበት ጀርባ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ። ክቡርነትዎ፣ እኔ በዓይኔ ሰው እበላለሁ ተባልኩ፤ እሳቸው በዓይናቸው መድኃኒት ማየት አቃታቸው።

6. ልጅቷ ድና ስንመለስ ደስታውን የሚካፈለን አጣን። አቶ ንብረት ቀድመው «አላልኳችሁም? ተፍታባት እኮ ነው የዳነች» ብለው አስወርተዋል። የአድሬናሊኑ ሥራ በእኔ ምራቅ ተመዘገበ። የአቶ ደሞዝ እናት ወ/ሮ አልጣሽ የአጥሩን ሽንቁር በእሾህ አስደፈኑት፤ ለልጅቷ አንገት ክታብ፣ ለአምሳል ጆሮ ቁጣ ሰጡ። አምሳል ስለ ለውዙ ልትናገር ብትሞክር «ለውዝ ምን በወጣው! ዘራችን ሁሉ በልቶት ያደገ አይደለም ወይ?» ብለው አፏን አስያዟት። እሷም ያየችውን ትታ የተባለችውን ያዘች። አልፈርድባትም፤ እሷ ምራት ናት፣ እሳቸው አማት ናቸው።

እኔ ደግሞ ሳላመለክት ተቀጠርኩ። ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ ከእርስዎ ጤና ጣቢያ በቀጥታ ደጄ ድረስ መጥቶ «እዚያ ሂድ፣ ትትፋብህ ብለውኝ ነው» አለኝ። አፉን ከፍቶ ሲለምነኝ የጥርሱ ሽታ ከቤት አስወጣኝ። ከእሱም በኋላ ሌሎች መጥተዋል። ክቡርነትዎ፣ ሪፈር የሚጻፍልኝ ከሆነ ጋውንም ይሰጠኝ፤ ዕረፍቴም ይታወቅ። ምራቅ በባዶ ሆድ አይመጣም።

7. ይህ ሁሉ በእኔ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳቅ አልፈው ነበር፤ አቶ ኃይለ ሚካኤልም ከጽሑፍ ይገላገሉ ነበር። ያላሳለፈኝ ሌላ ነው። በሽታው እኔ ከሆንኩ ለውዝ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ቤተሰቡ ልጅቷን ከእኔ ጠበቀ፤ ከለውዝ ግን የጠበቃት የለም። እኔን በእሾህ አጥረው፣ ለውዙን በደጅ አስገቡት።

የሆነውም የፈራሁት ነው። ባለፈው ጥር የዘመድ ሠርግ ላይ ወ/ሮ አልጣሽ ለልጅ ልጃቸው ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ ዘገኑላት። ያን ዕለት እኔ ድስቶቼን ጭኜ አንበሳሜ ገበያ ነበርኩ። ልጅቷ ከዳሱ ውስጥ ወደቀች። ሠርገኛው መጀመሪያ ያደረገው ምን እንደሆነ ይገምታሉ? ሰው ልከው እኔን አስፈለጉ፤ ልተፋ። ቤቴ ዝግ ነው። ሴቶቹ «የለችም፣ አንበሳሜ ናት» ሲሉ አቶ ደሞዝ ሰማ። «እሷ ከሌለችማ ልጄን ማን ነው የሚበላት?» አለ ጮክ ብሎ። ልጁን አንስቶ ሮጠ፤ ታደለ አሁንም አደረሳቸው። ዶክተር እየሩስ ያንኑ ጠየቁት፤ «ምን በላች?» «ቆሎ» አለ። «ለውዝ አለበት?» ሲሉት አንገቱን ደፋ።

በዚህኛው ጊዜ አንድ መርፌ አልበቃትም። በኦክስጅን አደረች፤ እኔም ከገበያ ስመለስ ሰምቼ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። አቶ ደሞዝ ከዚያ ባሕር ዳር ወስዶ ለሕፃናት ሐኪም አሳያት። ክንዷ ላይ የየምግቡን ጠብታ እያደረጉ በስሱ ጫር ጫር ሲያደርጉት የለውዙ ብቻ አበጠ፤ የወተቱም የእንቁላሉም ዝም አለ። ከሸክላ ሠሪ የተወሰደ ጠብታ እዚያ አልነበረም፤ ቢኖር ጥሩ ነበር፣ በአንድ ቀን ነፃ እወጣ ነበር።

ከባሕር ዳር እንደተመለሰ አቶ ደሞዝ ገጀራ ይዞ ወደ አጥሩ መጣ። ለእኔ የመጣ መስሎኝ ከመደቤ ተነሳሁ። እሱ እሾሁን ይመነጥር ጀመር። ጨርሶ ላቡን ጠረገና «እማዋይ፣ ይቅር በሉኝ» አለኝ። እስከዚያች ቀን «አንቺ» ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ምን ልበለው? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት። አምሳል ከኋላው ቆማ ነበር፤ እንባዋ አላቋረጠም። ወ/ሮ አልጣሽም አሁን ለልጅቷ የሚሰጥ ቆሎ ሁሉ በእሳቸው እጅ ካልተለቀመ አያሳልፉም።

አቶ ንብረት ብቻ ቀሩ። ነገሩ ሲነገራቸው «ዓይን ርቀት አይገድበውም» አሉ አሉ። ከዋርካ ሜዳ እዚህ ቅርብ ላለችው ሐሙሲት ከተማ ስልክ ለመደወል ኮረብታ የምንወጣ ሰዎች ነን፤ የእኔ ዓይን ግን ያለ ኔትወርክ ከአንበሳሜ ይሠራል።

8. ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና እለምናለሁ፦

ሀ) ልጅ አብጦ፣ ተንደብድቦ ወይም ትንፋሽ አጥሮት ሲመጣ ባለሙያዎችዎ ከማን ቤት እንደመጣ ከመጠየቃቸው በፊት ምን እንደበላ እንዲጠይቁ። ምን መድኃኒት እንደዋጠ ወይም እንደተወጋም ይጠይቁ። ዶክተሯ እንደነገሩን መድኃኒትም የማይስማማው ልጅ አለ፤ የዚያንም ልጅ በሽታ የሚሸከም ሌላ ሸክላ ሠሪ በየቀበሌው አይገኝም።

ለ) አድሬናሊኑ ከቁምሳጥን ወጥቶ እጅ የሚደርስበት ቦታ እንዲቀመጥ፣ ተረኛ የሚሆን ሁሉም አሰጣጡን እንዲያውቅ። ጽጌሬዳ ነገ አንድ ፍሬ ለውዝ ብትውጥ ቅርቧ ያለው የእርስዎ ጤና ጣቢያ ነው።

ሐ) አቶ ንብረት እንዳይቀጡ፣ እንዳይዛወሩም። ቢዛወሩ ሌላ አገር ሌላዋን ያስተፋሉ። ይልቅ ሥልጠና ይሰጣቸውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ራሳቸው በገዛ አፋቸው «ልጅቷን የጎዳት ለውዝ ነው፤ ያዳናትም መርፌ ነው» ይበሉልኝ። እኔ ብናገር የሚያምነኝ የለም፤ እሳቸውን ግን ሕዝቡ ያምናል፤ ያን ሁሉ ያመናቸው ሕዝብ ይቺን አይነፍጋቸውም።

መ) ወደ ደጄ በሽተኛ መላክ እንዲቆም። ምራቄ አልቋል።

ከላይ የጻፍኩት እውነት ስለመሆኑ አቶ ደሞዝ በምስክርነት ከሥር ፈርሟል።

አቶ ኃይለ ሚካኤል በዚህ ቦታ «ተገቢው ምላሽ ካልተሰጠኝ ለበላይ አካል አመለክታለሁ» ተብሎ ይጻፍ ብለውኝ ነበር። እኔ አልፈለግሁም፤ የበላይ አካል ሩቅ ነው፣ መንገዱም ያደክማል። መልስ እስካገኝ ድረስ ክትባት በሚሰጥበት ቀን ሁሉ እየመጣሁ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። አልጮህም፣ ማንንም አላስቸግርም። ዝም ብዬ አያችኋለሁ።

ከእውነተኛ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ወ/ሮ እማዋይሽ አያልነህ
(ፊርማ)

ምስክር፦ አቶ ደሞዝ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለዋርካ ሜዳ ቀበሌ አስተዳደር
ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ